ሁለት ጊዜ ረትተን ሦስተኛ መጥሪያ መጣ፤ የእናቴን ማሳ እንዴት ላስጠብቅ?

የማሳው ልጅ — ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። በአማራ ክልል በአንድ የገጠር ቀበሌ እናቴ ሦስት ጥማድ መሬት አላት። አባቴ እኔ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ መሬቱ የደረሳት በራሷ ስም ነው። አረንጓዴው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም ከነፎቶግራፏ በስሟ ወጥቷል። ከሽግሽጉ በፊት መሬቱን ይዘውት የነበሩት የአሁኑ አዋሳኛችን አባት ናቸው።

ለብዙ ዓመት ማንም ቃል አልተነፈሰም። የመስኖ ቦይ በማሳው ራስጌ ካለፈ ወዲህ ግን «የአባቴ መሬት ነው፤ በግፍ የተወሰደ ነው» የሚል ነገር ተጀመረ። በ2009 ሰውየው ድንበሩን ሁለት ትልም አልፎ አረሰና የወሰኑን ድንጋይ ነቅሎ ወደ እኛ አስጠጋው። እናቴ ከሰሰች፤ ተፈረደላት። ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ቢልም እኛን እንኳን ሳይጠሩ መዝገቡን ዘጉበት። በ2012 ደግሞ እርሱ ራሱ «ይዞታዬን ትልቀቅልኝ» ብሎ ከሰሳት፤ ያም ተዘጋ። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው መጥሪያ መጣ። መሬቱ ያው መሬት፣ ሰውየው ያው ሰው።

ጥያቄዬ ቀላል ይመስለኛል። ዳኛው «ይህን ነገር አንድ ጊዜ ጨርሰነዋል» ብሎ አይመልሰውም ወይ? እናቴ ሁለቱንም ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ አኑራዋለች፤ እንደ ታቦት የሚነካው የለም።

እንግዳ 47 — ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 3፡02

በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ወንድሜ፤ አይዞህ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1168 መሠረት ዐሥራ አምስት ዓመት በስሙ ግብር እየከፈለ የያዘ ሰው ባለቤት ይሆናል። እናትህ ከዚያ በላይ ስለገበሩ ነገሩ አልቋል። የግብር ደረሰኞቹን ይዘህ ቅረብ።

የሕግ ተማሪ — ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 4፡20

እንግዳ 47፣ ሰውን ወደ ገደል አትምራ። 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን ይመለከታል። የገጠር መሬት ከአዋጅ 31/1967 ወዲህ የግል ንብረት አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እናቱ ያላቸው የይዞታ መብት ነው፤ ከመሬታቸው ያለመነቀል ጥበቃም አላቸው። በመልሱ ላይ «የመሬቱ ባለቤት» ብሎ ከጻፈ የሌላው ወገን ጠበቃ በዚያች ቃል ግማሽ ቀን ያባክናል። የግብር ደረሰኝ ደጋፊ ማስረጃ ነው እንጂ በራሱ መብት አያቋቁምም።

ለጠያቂው፦ የምታነሣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 5 ነው። በዚያው ጭብጥ፣ በእነዚያው ተከራካሪዎች ወይም መብታቸውን ከእነርሱ ባገኙ ሰዎች መካከል በፍርድ ያለቀ ጉዳይ እንደገና አይታይም። በቁጥር 244 መሠረት በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት ታነሣዋለህ። ይርጋም፣ ማለት የመክሰሻው ጊዜ አልፏል የሚለውን፣ አብረህ አንሣ፤ ተከራካሪው ካላነሣው ዳኛው በራሱ አያነሣውም። የሚሳካልህ ይመስለኛል።

የድሮ ሬጅስትራር — ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 1፡10

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የፍርድ ቤት መዝገብ ሳገላብጥ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። «ረትተናል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አስለቅሷል። የረታችሁት ምኑን ነው? ሁለቱን ወረቀት ከፌስታሉ አውጣና የመጨረሻዎቹን መስመሮች እዚህ ቃል በቃል ገልብጣቸው። ከላይ ያለውን ሐተታ ተወው። የምፈልገው «ስለዚህ» ከሚለው ቃል በታች ያለውን ነው። ስም አትጻፍ።

የሕግ ተማሪ — ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 2፡35

ጋሼ ትክክል ናቸው። «የሚሳካልህ ይመስለኛል» ያልኩትን ወረቀቱ እስኪታይ ድረስ መልሼ ወስጃለሁ።

የማሳው ልጅ — ጥቅምት 17፣ ከምሽቱ 1፡48

ይቅርታ ዘገየሁ፤ የማስተምረው ከተማ ነው፤ ቅዳሜ ገጠር ወርጄ ነው ያየሁት። እናቴ መጀመሪያ እጄን አስታጠበችኝ።

የ2009ኙ እንዲህ ይላል፦ «ስለዚህ ተከሳሽ በከሳሽ ይዞታ ላይ የፈጠረውን ሁከት እንዲያቆም፣ የነቀለውንም የወሰን ድንጋይ ወደ ቦታው እንዲመልስ ተወስኗል።»

የ2012ቱ ውሳኔ ሳይሆን አንድ ገጽ ትእዛዝ ነው፦ «መዝገቡ ለዛሬ የተቀጠረው ክሱን ለመስማት ነበር። ሁለቱም ወገኖች ስላልቀረቡ ክሱ ተሰርዟል፤ መዝገቡ ተዘግቷል።»

እዚህ ላይ ስሕተት አለ። እናቴ በዚያ ቀን ሄዳለች! ከንጋቱ ጀምሮ በእግሯ ተጉዛ ነው የደረሰችው። ስጠይቃት ግቢው ውስጥ ከዋርካው ሥር ተቀምጣ ነበር። ስሟ ሲጠራ አልሰማችም፤ ተላላኪው የአባቷን ስም አሳስቶ ጠርቶ ይሆናል ትላለች። ከሰዓት በኋላ «መዝገቡ ተዘግቷል» ሲሏት የረታች መስሏት ደስ ብሏት ተመለሰች። ያን ዕለት ጎረቤት ጠርታ ቡና አፍልታለች።

የድሮ ሬጅስትራር — ጥቅምት 18፣ ከጠዋቱ 12፡55

የፈራሁት ደረሰ። እናትህን ግን አትውቀስ፤ ከዋርካ ሥር የቀሩ ባለጉዳዮችን ብቆጥር ቀበሌ ይሞላሉ።

ከመጀመሪያው ወረቀት እንነሣ። የእናትህ ክስ «ሁከት ይወገድልኝ» ነው፤ መሠረቱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149። በዚህ ክስ ዳኛው የሚመረምረው መሬቱ በማን እጅ እንደነበረና ማን በጉልበት እንደገባበት ነው። የሚቀርበው ሁከቱ በተፈጠረ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ ተከሳሹ ለድርጊቱ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካላስረዳ በቀር ዳኛው «እጅህን አንሣ» ይለዋል። ፈጣን የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። መብቱ ከሥር መሠረቱ የማን እንደሆነ ተመርምሮ ስላልተቆረጠ፣ ያ ሰው ነገ «እጄን አንሥቻለሁ፤ አሁን በመብቱ ልከራከር» ቢል ያ ፍርድ ብቻውን በር አይዘጋበትም። ይግባኙም ያጸናው ያንኑ የሁከት ፍርድ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። በቀጠሮው ቀን ተከሳሹ ቀርቦ ከሳሹ ቢቀር ኖሮ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 73 ክሱ ውድቅ ይሆን ነበር፤ በቁጥር 74 ደግሞ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ ማቅረብ አይችልም ነበር። ሁለቱም ከቀሩ ግን ቁጥር 69 ነው፤ መዝገቡ ተሰርዞ ይዘጋል፣ ከሳሹም ዳኝነት ከፍሎ እንደገና መክሰስ ይችላል። እናትህ ከዋርካው ሥር ተነሥተው «አለሁ» ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን መጥሪያ አትቀበሉም ነበር።

ስለዚህ ቁጥር 5ን በመቃወሚያነት አንሣው፤ በመጀመሪያው መልስህ ካላነሣኸው እንደተውከው ሊቆጠር ይችላል። ግን አትደገፍበት። ይህ ሦስተኛ ክስ አይደለም። በመብቱ ላይ የመጀመሪያው ክስ ነው። እንደዚያ ቆጥረህ ተዘጋጅ፤ ከተዘጋጀህ ደግሞ አትጥላው፤ በሩን የሚዘጋው ፍርድ የሚገኘው ከዚህ መዝገብ ነው።

የማሳው ልጅ — ጥቅምት 18፣ ከጠዋቱ 3፡20

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ ማለት ያንስብኛል። ይህን ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት አላውቅም። ስምንት ዓመት በረታሁ ስሜት ነው የኖረችው።

ቀያሹ — ጥቅምት 19፣ ከቀኑ 7፡30

በመሬት ልኬታ የሠራሁ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ደብተራችሁ የመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው ወይስ ካርታ ያለው የሁለተኛ ደረጃው ሰርተፊኬት ወጥቶላችኋል? በመጀመሪያው ዙር ልኬታው በገመድ ወይም በግምት ስለነበር ደብተሩ ላይ የሚገኘው «በምሥራቅ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ» የሚል ብቻ ነው። አዋሳኙ ሰው ሲሞት፣ መንገዱም በቦዩ ምክንያት ሲዞር ጽሑፉ ከመሬቱ ጋር አይገናኝም። የ2009ኙ ፍርድ ራሱ «የከሳሽ ይዞታ» ከማለት ውጪ የቱ መሬት እንደሆነ አይናገርም፤ ብዙ ፍርድ እንዲህ ነው፤ ለማስፈጸም ሲኬድ ሁሉም የራሱን ማሳ ያሳያል።

ሁለተኛ ደረጃው ከወጣ የማሳው መለያ ቁጥርና የማዕዘኖቹ መገኛ አለ። ያ ካርታ ከመጽደቁ በፊት ቀበሌው ላይ ለሕዝብ እይታ ተለጥፎ ቅሬታ ያለው እንዲያመለክት ይደረጋል። ሰውየው ያኔ ቅሬታ አቅርቦ እንደነበር አጣራ። ካላቀረበ እንዲህ ያለው ዝምታ ብዙ ይናገራል።

የማሳው ልጅ — ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 2፡05

ካርታው በ2011 ወጥቷል፤ ቅሬታ የቀረበበትም አይመስለኝም። ደብተሩ ላይ በሰሜን «መንገድ» ይላል፤ ዛሬ እዚያ ቦይ ነው ያለው።

ቀያሹ — ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 2፡40

«አይመስለኝም» አይበቃም፤ የቅሬታ መዝገቡን ግልባጭ በጽሑፍ ጠይቅ። መንገዱ መቼ ቦይ እንደሆነም ከቀበሌው አስጽፍ።

የቢሮክራት ልጅ — ጥቅምት 21፣ ከሌሊቱ 5፡50

እዚህ ሁሉም በአንድ ወገን ስለቆመ ከማዶ ያለሁት ልናገር። በ1989 አባቴ «ቢሮክራት» ተብለው ከአራት ጥማድ በላይ የነበራቸው መሬት ተቆርሶ ተሰጠ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹም ስለነበሩ ነው። ሲለካ ከጎተራው ጥግ ቆመው አይተዋል፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። እስከ ዕለተ ሞታቸው ግን በዚያ ማሳ በኩል አላለፉም፤ ወደ ገበያ የሚሄዱት ዞረው ነበር። ልጅ ይህን እያየ ሲያድግ በልቡ የሚቀረው ነገር አለ። የአንተ አዋሳኝ ውሸታም ላይሆን ይችላል።

እኔ አልከሰስኩም። መሬቱ የደረሳቸው ሴትዮ ያኔ አራት ሕፃናት የሚያሳድጉ መበለት ነበሩ፤ እነርሱስ ምን አጠፉ?

የማሳው ልጅ — ጥቅምት 21፣ ከጠዋቱ 2፡00

ወንድሜ፣ እናቴም ስለ አዋሳኛችን አባት ክፉ ተናግራ አታውቅም። «እርሳቸው አንድ ቀን እንኳን አልተቆጡኝም፤ ልጁ ነው» ትላለች። ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። መሬቱን ግን አልሰጥም።

እንግዳ 47 — ጥቅምት 21፣ ከጠዋቱ 4፡15

እንዲህ ከሆነ ለምን በሽማግሌ አትጨርሱትም? ፍርድ ቤት ሁለቱንም ያደኸያል። (ስለ 1168 ለተሰጠኝ እርማት አመሰግናለሁ፤ ያጎቴን ልጅም በዚያው አሳስቼዋለሁ መሰለኝ።)

እማማ ደብተር — ጥቅምት 22፣ ከቀኑ 6፡10

ሽምግልና መልካም ነው፤ የገጠር መሬት ክርክር አስቀድሞ በንግግርና በስምምነት እንዲፈታ የድሮው አዋጅ 456/1997ም ይል ነበር። የእኔን ግን ስሙኝ። ከባሌ ወንድም ጋር በሽማግሌ ታረቅን፣ መሬት ተሳሳምን፣ በዓመቱ «ምን ስምምነት?» አለኝ። ከአምስቱ ሽማግሌ ሁለቱ ሞተዋል፤ አንዱ ረስቷል፤ ሁለቱ የእርሱ ዘመዶች ናቸው። ከታረቃችሁ በጽሑፍ አድርጉት። ክስ ላይ ስላላችሁ ደግሞ ስምምነቱን ለዳኛው አቅርባችሁ መዝገብ ላይ ይስፈር። ያኔ እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ ነገ ሲክድም መቃወሚያ ይሆናችኋል።

ሌላም ልጨምር። በፍርድ ቤት ሲያቅተው በጓሮ ይዞራል። የእኔ ሰው ችሎት እየተቀጠረ ሳለ ወደ መሬት አስተዳደር ሄዶ «ደብተሯ በስሕተት የወጣ ነው ይሰረዝ» ብሎ አመለከተ። ባለሙያው እኔን ሳይጠራ ደብዳቤ አርቅቆ ነበር፤ በአጋጣሚ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ጠረጴዛ ላይ ስሜን አየሁት። ጉዳዩ በፍርድ ቤት የተያዘ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ዛሬውኑ አስገባ፤ አንዱን ቅጂ ማኅተምና ቀን አስደርገህ ያዝ። ፍርድ ቤቱንም የእግድ ትእዛዝ ጠይቅ።

የሕግ ተማሪ — ጥቅምት 22፣ ከምሽቱ 1፡30

እማማ ትክክል ናቸው፤ እግዱ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ነው። የደብተሩን ኃይል በተመለከተ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1195ና 1196 ተመልከት። በሚመለከተው የአስተዳደር አካል የተሰጠ ማስረጃ ባለመብቱን ያስገምታል፤ ግን ሊፈርስ ይችላል፤ ለምሳሌ ሕግን ሳይከተል ወይም ሥልጣን በሌለው አካል የተሰጠ ከሆነ። ስለዚህ የሰውየው ጠበቃ የሚመታው ደብተሩን ሳይሆን የደብተሩን አወጣጥ ነው። የ1989ኙን የሽግሽግ ቃለ ጉባኤ፣ የእናትህ ስም ያለበትን ገጽ፣ ከቀበሌው አስገልብጥ።

የድሮ ሬጅስትራር — ጥቅምት 23፣ ከጠዋቱ 1፡05

ይህን ሁሉ አድርግ። እኔ የምጨምረው አንድ ነው። ሰውየው እህት ወንድም አለው? ካለው፣ የአባታቸው ወራሽ ነን የሚሉት ሁሉ በዚህ መዝገብ እንዲገቡ ጠይቅ። አለበለዚያ እናንተ ከረታችሁ በኋላ እህቱ «እኔ በሌለሁበት የተፈረደ ነው» ብላ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መቃወሚያ ይዛ ትመጣለች። አንዱ ሲደክም ሌላው የሚተካበት ቤተሰብ አይቻለሁ፤ አምስት ወንድማማች አንዲትን ባልቴት በየተራ።

ቀጠሮ ቀን ደግሞ እናትህን ከዋርካው ሥር አታስቀምጣቸው። ውክልና ውሰድ፤ ልጅ እናቱን ወክሎ መከራከር ይችላል። ከችሎቱ በር አትራቅ፤ የጠራህ ከሌለ ገብተህ ራስህ ጠይቅ።

የማሳው ልጅ — መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 3፡12

ለረጅም ጊዜ ጠፋሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ቁጥር 5ን አነሣን፤ ጋሼ እንዳሉት ዳኛዋ አልተቀበለችንም፤ ምክንያቷም ከእርሳቸው ጽሑፍ ጋር አንድ ነበር። ይርጋውን ከዋናው ክርክር ጋር አየዋለሁ አለች። እግዱ ተፈቀደ። እህቱና ታናሽ ወንድሙ በክርክሩ እንዲገቡ ስንጠይቅ ጠበቃው አጥብቆ ተቃወመ፤ ያን ጊዜ ነው የጋሼ ምክር የገባኝ። ገቡ። የቅሬታ መዝገቡ ግልባጭም ተገኝቷል፤ የሰውየው ስም የለበትም።

ባለፈው ሳምንት ዳኛዋ፣ ሁለት ባለሙያዎችና እኛ ማሳው ላይ ወጣን። ባለሙያው ማዕዘኖቹን እየተከተለ ሄደ። በሰሜን ምሥራቁ ማዕዘን ሲደርስ ቆመና «እዚህ ድንጋይ መኖር አለበት» አለ። ባዶ እርሻ ነው። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር ሄዳ በእግሯ አፈሩን ጫር ጫር አደረገች። የድሮው የወሰን ድንጋይ ስብራት፣ ከታች የተቀበረው፣ ወጣ። በ2009 የነቀለው የላይኛውን ብቻ ነበር። የሽግሽጉ ኮሚቴ ከላይ ድንጋይ ሲያቆም ከሥሩ የሸክላ ስባሪና ሌላ ድንጋይ ቀብሮ ነበርና እናቴ ያን ቀን ቆማ አይታለች። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ቀያሹ — መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 3፡40

እኔ ጠይቄህ ነበር ማለት አልችልም፤ ካርታ ካርታ ስል ረስቼዋለሁ። የሥር ድንጋይ መቅበር የቆየ ዘዴ ነው፤ የላዩን የሚነቅል ሰው የታችኛውን አያስበውም። በባለሙያው ሪፖርት ላይ መስፈሩን አረጋግጥ።

የማሳው ልጅ — ሰኔ 20፣ ከቀኑ 8፡25

ተፈርዷል። ከሳሽና ጣልቃ ገቦቹ ሽግሽጉ በዚህ ማሳ ላይ ከሕግ ውጪ እንደተፈጸመ አላስረዱም ተብሎ፣ የይዞታ መብቱ የእናቴ ነው ተባለ። ወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብታችንም ተጠብቋል።

የድሮ ሬጅስትራር — ሰኔ 20፣ ከምሽቱ 12፡50

እንኳን ደስ ያላችሁ። «ስለዚህ» ከሚለው በታች ያለውን ገልብጥልኝ።

የማሳው ልጅ — ሰኔ 21፣ ከጠዋቱ 4፡00

እያነበብኩ ሳለሁ እጄ ቀዘቀዘ። የማሳው መለያ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ተገላብጠዋል። ካርታው ላይ 38 የሚለው ፍርዱ ላይ 83 ሆኗል። 83 የማን ማሳ እንደሆነ ቀበሌ ጠየቅኩ፤ የአንድ ምንም የማያውቅ ሰው ነው።

የድሮ ሬጅስትራር — ሰኔ 21፣ ከጠዋቱ 4፡35

አትደንግጥ፤ የጽሕፈት ስሕተት ነው። ካርታውን አያይዘህ እርማት በማመልከቻ ጠይቅ፤ ለዚያ ይግባኝ አያስፈልግም። ግን ዛሬ ሂድ፤ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ሳይዘጋ።

የማሳው ልጅ — ሰኔ 28፣ ከምሽቱ 1፡15

ታርሟል። የታረመውን ግልባጭ ሦስት አደረግኩት፤ አንዱ መሬት አስተዳደር ፋይል ውስጥ ገባ፣ አንዱ እኔ ዘንድ ነው፣ አንዱን ለእናቴ ሰጠኋት። ከፌስታሉ ያሮጌዎቹን ሁለት ወረቀቶች አውጥታ «እነዚህንስ ልጣላቸው?» አለችኝ። የ2009ኙን አስቀሪው፤ የ2012ቱን ግን እኔ ወሰድኩት።